የተፈታው ቶርኖ

በሰኔ ወር፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከአዳማ የመጣ ባዶ የጭነት መኪና አሰላ ባለው ቤታችን በር ላይ ቆመ፤ ሊጭነው የመጣው የአባቴ ቶርኖ ግን ስልሳ ሁለት ቦታ ተፈትቶ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ቁጥሩን የማውቀው ራሴ ስለቆጠርኩት ነው፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዛሬም ናፍጣና እርጥብ የፍየል ቆዳ አንድ ላይ ሲሸቱኝ ያ ወለል ይታየኛል።

አባቴ ክራር ይሠራ፣ የስፌት መኪናና የውሃ ፓምፕ ያድስ ነበር። እንጨትም ብረትም እያሽከረከረ የሚቀርጸውን ቶርኖ ከወዳደቀ ብረት መካከል አንስቶ፣ ሁለት ዓመት ለፍቶበት እንደገና አስነስቶታል። የክራሩ መቃኛም የፓምፑ ዘንግም የሚወጣው ከእሱ ስለነበር፣ ያለ እሱ ቤቱ ሥራ አልነበረውም። እማዬ ከጎኑ ሆና ቆዳ ትወጥር፣ የስፌት መኪና ትፈታ ነበር። አባቴ አንድ ሕግ ነበረው፤ እዚያ ቤት የተፈታ ማሽን፣ ተገጥሞ ሳይሠራ ከበሩ አይወጣም።

አባቴ ሞቶ አርባው እንደወጣ፣ ታላቅ ወንድሙ ጋሽ ታደሰ ቶርኖው እንዲሸጥ ወሰኑ። «ባለሙያ የሌለው ቶርኖ ብረት ነው» ይሉ ነበር። እማዬ ሰኞ ከሰዓት መፍቻዋን አንስታ ቶርኖውን መፍታት ጀመረች።

«ምንድነው ይሄ?» አሉ ጋሽ ታደሰ በማግስቱ በሩ ላይ ቆመው።

«እያጸዳሁት ነው፣ ጋሼ። የወንድምዎን ሕግ ያውቁታል።»

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«እኔ እንጃ። ባለሙያ የለም አሉ እኮ።»

ከጭነት መኪናው ጋር የመጣው ገዢ ፊቱን አዞረ። የሳቀ ይመስለኛል፤ አላረጋገጥኩም። ጋሽ ታደሰ ያን ሕግ ራሳቸው ገበያ ላይ ሲኮሩበት የኖሩ ስለነበሩ ሊሽሩት አልቻሉም፤ እስከ መስቀል ካልተገጠመ ግን ሌላ ገጣሚ አመጣለሁ ብለው ሄዱ።

ክረምቱን ሙሉ እማዬ እየገጠመች መልሳ ትፈታ፣ እኔም እያንዳንዱን ዕቃ ደብተሬ ላይ እየሣልኩ ቁጥር እሰጥ ነበር። ትንንሾቹን ቡሎኖች ቆዳ ባልተወጠረባቸው የክራር ገበቴዎች ውስጥ እየለየች ታስቀምጥ ነበር። ዝናቡ አላባራ ብሎ ቆዳ በሳምንትም አይደርቅም ነበር፤ ጎረቤት ደግሞ «ሴት ብረት ስትፈታ» እያለ በበራችን ያልፍ ነበር። እሷም በሩን ይበልጥ ትከፍተው ነበር።

ነሐሴ ሲያልቅ ስልሳ አንዱ ተገጠመ፤ ስለቱን አጥብቆ የሚይዘው ቡሎን ጠፋ። ወለሉን ጠርገን፣ አመዱን ሁሉ አበጥረን፣ ሦስት ቀን ፈለግን። በአራተኛው ቀን ግድግዳው ላይ የሚደርቅ ክራር ሳነሳ ውስጡ አንድ ነገር ተንኳኳ። እማዬ ቡሎኑን ሳታወጣ ገበቴው ላይ ቆዳ ወጥራበት ኖሯል። አባቴ በእጁ የቀረጸው የመጨረሻ ገበቴ ነበር።

«አባትሽ ቢያይ እስኪያስለው ይስቅብኝ ነበር» አለችና ቆዳውን በምላጭ ሰነጠቀችው።

መስቀል ባለፈ በሦስተኛው ቀን ጋሽ ታደሰና ገዢው መኪናውን ይዘው ሲመጡ ቶርኖው ይዞር ነበር። እማዬ ቀና ሳትል ከወይራ አንድ መቃኛ ቀረጸችና ለገዢው ሰጠችው። እሱም የቶርኖ ሠራተኛ ነበርና በጥፍሩ ዳሰሰው።

«አዴ፣ ማን አስተማረዎት?»

«ክረምቱ።»

«ጋሼ፣ ባለሙያ የለም ብለውኝ ነበር እኮ» አለ ዞር ብሎ።

«ተገጥሟል፤ ይሠራል፤ እንግዲህ ሕጉም አይከለክልም፤ ጫኑት» አሉ ጋሽ ታደሰ።

እማዬ ሌላ ወይራ አሰረችና ፔዳሉን ረገጠች። «ሕጉ አይከለክልም፣ እኔ ግን እከለክላለሁ። የሚጭን ካለ ከእግሬ ጋር አንስቶ ይጫን።»

ማንም አልነካውም። መኪናው ባዶውን ወደ አዳማ ተመለሰ።

በጋዜጠኝነት ሥራዬ የብዙ ትንንሽ ወርክሾፖችን መዘጋት ዘግቤያለሁ፤ የዚህን ግን አልዘገብኩም። ያኔ በእግር ይረገጥ የነበረው ቶርኖ አሁን በሞተር ይዞራል፤ የእማዬ ዓይን ደክሟል፤ ከዲክሲስና ከጢቾ ገበሬዎች ፓምፕ ያመጡላታል። ባለፈው ሐሙስ ደውዬ እንዳረጋገጥኩት፣ ጋሽ ታደሰም የውሃ ፓምፓቸውን አምጥተው ወረፋ ይዘዋል። አራተኛ ናቸው።