ማሳውን ማን አረሰ?

ዛሬ ሱሉልታ ላይ ክርክር ረታሁ ብዬ ልነሳ ስል አንድ ሽማግሌ መልሰው አስቀመጡኝ።

ከእድር ስብሰባ በኋላ ነው። በኮሮና ጊዜ መንገድ መዘጋቱ ልክ ነበር ወይ እያልን ስንጨቃጨቅ፣ እኔ የመንግሥት ሠራተኛው ልክ ነበር አልኩ። ወተት ሻጯ ጫልቱ ግን «አዲስ አበባ መግባት አቅቶኝ ወተቴን የደፋሁት እኔ ነኝ» አለች።

(ጾም ስለነበር ማን ይጠጣው ነበር ብዬ ልቀልድ ስል ፊቷን አይቼ ተውኩት።)

ይሄኔ ሽማግሌው ኦቦ ደጀኔ በጃንሆይ ጊዜ፣ ልጅ ሳሉ የሆነውን አነሱ።

«ፈንጣጣ ቤታችን ገባና መንደሩ እንዳንወጣ ከለከለን። የዘር ወቅት ነበር። ጎረቤት በደቦ ወጥቶ ማሳችንን አርሶ ዘራልን። ከወንዙ ማዶም አንድ ቤት ተዘጋ፤ የሚያርስለት ግን አልተገኘም። ከፈንጣጣው ሁሉም ዳኑ። በዓመቱ በረሃብ ሁለት ልጆች ቀበሩ።»

«ታዲያ መዝጋቱ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ነው የሚሉት?» አልኳቸው።

«መንገዱ ሲዘጋ ያንተ ደሞዝ አልቀረም» አሉኝ ወደ ጫልቱ እያዩ። «የእሷን ማሳ ማን አረሰ?»

ቤቴ ከቤቷ ሦስተኛው ነው።

በእናንተ ሰፈርስ ያኔ ማን ለማን አረሰ?