መርዶ ያልሰማው ተጓዥ

ሹምካርን በቅጡ የማያውቅ ሰው ፈሪ ይለዋል። በቢሽኬክ ገበያ ጫማ ሲጠግን ዕድሜውን የፈጀ፣ ለሁሉ ቅድሚያ የሚሰጥ ሰው ነው። ለታክሲ ተሰልፎ ሌላው ሲሳፈር እሱ ይቀራል። ያፈቀራትን ልጅ እንኳ ጓደኛው እንደሚወዳት ሲሰማ «እሱ ይቅደም» ብሎ ተዋት። ይህ ጨዋነቱ አንጀቴን ያሳርረዋል። ስንት ጊዜ ተቆጣሁት፤ እሱ ይስቃል።

አባቱ የሞቱ ዕለት አጎቱ የደወሉት ለእኔ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ልጅ አገሩ ገብቶ ከሽማግሌዎች አፍ ይሰማል። ስለዚህ እኔና መካኒኩ ጓደኛችን ታላይ አንድ ዘዴ ፈጠርን። «በረዶውን እያየን ወደ አገርህ ወደ ሱሳሚር ሽርሽር እንውጣ፤ አባትህንም ጉንፋን ይዟቸዋል አሉ፣ እንጠይቃቸው» አልነው። ሹምካር ፊቱ በራ። አባቱ የሚወዱትን ሃላዋ ገዛ። ታላይ ደግሞ ማንም ደውሎ እንዳያረዳው የሹምካርን ስልክ «ዘፈን ልክፈትበት» ብሎ ተቀብሎት በዚያው ኪሱ ከተተው።

የቱ-አሹን ተራራ የሚበሳውን የመኪና ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ከፊታችን የበረዶ ናዳ ወርዶ መንገዱ ተዘጋ። ፊትም ኋላም መኪና፣ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው የበረዶ ግድግዳ። መዞሪያ የለም። ስልኬ ሲጮህ ወርጄ ራቅ አልኩ፤ አጎቱ ናቸው።

«የት ደረሳችሁ?»

«ተራራው ላይ ቀርተናል፣ አባባ። መንገዱ ተዘግቷል።»

«ከቀትር ሶላት በኋላ እንቀብራቸዋለን። ከዚህ በላይ ማቆየት አንችልም። ልጃቸው አፈር ሳያለብሳቸው ይቅር?»

«እንግዲያው ልንገረው?»

«ተው! ሽማግሌ በሌለበት፣ በመንገድ ላይ? ሰው አይደለም እንዴ!»

ብዙም ሳይቆይ በገደሉ ዳር እየታከከ ከላይ በረዶ ጠራጊ ዶዘር መጣ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ፣ «ናዳውን ጥሼ ወደ ማዶ ልወርድ ነው። እናንተ መንገዱ እስኪጠረግ ትጠብቃላችሁ። አጠገቤ ግን ለአንድ ሰው ቦታ አለ፤ የቸኮለ?» አለ።

«ሹምካር ነው!» አልን እኔና ታላይ በአንድ አፍ።

«እኔ? ምን አስቸኮለኝ? እሜቴ፣ እርስዎ ይግቡ» አለና ከኋላችን ካለው ሚኒባስ ወርደው ብርድ የሚያንቀጠቅጣቸውን አሮጊት ክንዳቸውን ይዞ አመጣቸው።

ታላይ ኮሌታውን ጨምድዶ ያዘው። «ዛሬ እንኳ፣ አንዴ እንኳ አትቀድምም? ግባ አልኩህ፣ አንተ ደነዝ!»

«ምን ነካህ? አባቴን ጉንፋን ያዛቸው ብዬ አሮጊት ገፍትሬ ልሂድ? ቢሰሙ በአለንጋ ነው የሚቀበሉኝ!»

ደግፎ አሳፈራቸው። አሮጊቷም ከላይ ሆነው መረቁት፦ «አባትህን ያኑርልህ፣ ልጄ።» ታላይ ፊቱን አዞረ።

መኪናው ውስጥ ገብተን ተቀመጥን። ነዳጅ እንዳያልቅ ሞተሩን አጥፍተናል፤ መስኮቱ ነጭ ሆኖ ውጪው አይታይም። ሹምካር ዳቦ ቆርሶ አካፈለን። «ሃላዋዋን ግን እንዳትነኩ!» እያለ አባቱ ሰርግ ላይ ከፈረስ የወደቁበትን ታሪክ ያወራል። «ምነው አትስቁም? ቀብር ነው እንዴ የምንሄደው?» አለ። ብነግረው ነውር፤ ዝም ብል የአባቱን ቀብር መስረቄ ነው። ልማዱንም፣ አጎቱንም፣ የገዛ ምላሴንም ረገምኩ። ቀትሩም እየተቃረበ ነው።

ታላይ በሩን ከፍቶ ወጣ። በተሰለፉት መኪኖች መሀል እየዞረ በየመስኮቱ ያንኳኳ ጀመር። ተመልሶ ሲመጣ ብቻውን አልነበረም። የጠጉር ቆብ ያደረጉ፣ የማናውቃቸው ሽማግሌዎች በረዶውን እየረገጡ፣ እርስ በርስ ሳይነጋገሩ ወደ መኪናችን መጡ።

ሹምካር በተከፈተው በር አያቸው። የሚያወራውን አቋረጠ። እንዲህ ሆነው የሚመጡ ሽማግሌዎች ምን ይዘው እንደሚመጡ የእኛ ሰው ከልጅነቱ ያውቃል።

«ውረድ፣ ልጄ» አሉት ከፊት ያሉት። «የማይቀር ነው። አባትህ ትናንት አልፈዋል። አላህ ይማራቸው።»

ወረደ። በእኛ ዘንድ የሟች ልጅ በትር ተደግፎ ነው የሚያለቅሰው፤ በትር አልነበረምና ታላይ የበረዶ አካፋውን ሰጠው። አካፋውን ተደግፎ፣ ፊቱን ወደ ሱሳሚር አዙሮ፣ «ወይኔ አባቴን!» ሲል ሾፌሮቹ ከየመኪናቸው ወርደው፣ ለለቅሶ ቤቱ ደጃፍ የደረሱ ይመስል «ወይኔ አባቴን!» እያሉ ወደ እሱ ቀረቡ።

«ቀብሩ መቼ ነው?» አለኝ።

«አሁን» አልኩት።

አካፋውን ገልብጦ የመንገዱን ዳር ይቆፍር ጀመር። ሰዎቹ ፌሮና መጥረቢያ ይዘው አገዙት። ከበረዶው ሥር ጥቁር አፈር ወጣ። ሹምካር አንድ ጭብጥ አነሳ፤ ዙሪያውን አየ።

«ኑርዲን» አለኝ፣ «የት ላልብሳቸው?»

ሹምካር መንገዱ እስኪከፈት ድረስ አፈሩን የያዘበትን ጭብጡን አልፈታም።