የጥጃው ድርሻ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተደምሮ ተቀንሶ ምን ይወጣዋል? ጣሊያን ደብረ ታቦርን በያዘበት ዘመን የጦር ሰፈሩን በር ይጠብቅ የነበረው ባንዳ ቀለመወርቅ፣ ስሟን ጠይቋት የማያውቅ አንዲት ሴት ባየ ቁጥር ይህ ሐሳብ ይመጣበት ነበር።

ሴትዮዋ ጠዋት ጠዋት ላሟን ከነጥጃዋ እየነዳች መጥታ፣ በትእዛዝ፣ ለአዛዡ ወተት በሩ ላይ ታልባለች። ልብሷ ከል የተነከረ ነው። ለማን እንዳዘነች ሲጠይቋት «አስከሬኑን አላሳዩኝም» ብላ ወደ ላሟ ትዞራለች። ጥጃው ጀርባ ላይ ጨው ትነሰንስና ላሚቱ እሱን እየላሰች ወተቷን ስታወርድ ማለብ ትጀምራለች። ሁለቱን ጡት ግን አትነካም፤ የጥጃው ድርሻ ነው።

«እመይቴ፣ ሊድሩት ነው እንዴ እንዲህ የሚያወፍሩት?» ይላታል ቀለመወርቅ።

«ያጋተችው እኮ ለእሱ ነው፣ ልጄ። እኛ ለምነን የምንካፈል ነን።»

ሰሞኑን የአዛዡ ወጥ ሠሪ ደጃፍ ላይ እየቆመ ጥጃውን በዓይኑ መመዘን አብዝቶ ነበር። ሴትዮዋም ይህን አይታ ጥጃውን ከላሚቱ ማዶ ትሸሽገው ጀመር። አልሆነም። በጣሊያኖቹ ፋሲካ ዋዜማ ወጥ ሠሪው ቢላዋ ይዞ ወጣ።

ላሚቱ መሬቱን እያሸተተች ስታገሳ ሴትዮዋ ቆማ ሰማቻት። ቆዳው አጥር ላይ ሲሰጣ ወደ ቀለመወርቅ ቀረበች።

«ቆዳውን እንኳ ስጡኝ፣ ልጄ። ገለባ ሞልቼ አጠገቧ ላቁምላት፤ የምትልሰው አትጣ።»

ቀለመወርቅ ወደ አዛዡ መስኮት ቀና ብሎ አየ። ከዚያ ጠመንጃውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረና በሩን ዘጋባት።