ለኳስ የተሠራ ባና

አባባ መሐል ሜዳ ከተማ እኔ ዘንድ የመጡት ጉልበታቸው ዳገቱን እምቢ ሲላቸው ነው። ከጓሳ ጥግ ካለው ቤታቸው የሽመና ዕቃቸውን፣ እናቴም ሳትሞት የፈተለችውን የበግ ጠጉር ክር በአህያ ጭነው መጡ። ዕድሜያቸውን ባና፣ ያንን ወፍራም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ገበያውን የፋብሪካ ብርድ ልብስ ከሞላው ወዲህ ግን የሚያዛቸው አልነበረም፤ ክሩም ከነከረጢቱ ጥግ ላይ ተቀመጠ።

ቀን ቀን የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስሠራ እሳቸው ቴሌቪዥን ያያሉ። አንድ ቀን ስገባ ስኑከር የሚባለውን የጠረጴዛ ኳስ ጨዋታ ከፍተው፣ አፍንጫቸው መስተዋቱን ሊነካ ተጠግተው አገኘኋቸው።

«ከምን ዓይነት ጠጉር ነው የሠሩት?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ጠረጴዛው የለበሰውን ነዋ።»

አላውቅም ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ትዳሬ ከፈረሰ በኋላ ስለሆነ ቃል በግምት አላልፍም፤ መዝገበ ቃላቴን ይዤ እንግሊዝኛውን ማዳመጥ ጀመርኩ። ውድድሩ በጥሪ ብቻ የሚገባበት መሆኑን፣ የሚጠሩትም ምርጥ ምርጦቹ መሆናቸውን ነገርኳቸው።

«ያልተጠራ አይገባም?»

«አይገባም።»

«እዚህ ለሠርግ እንኳ ቀድሞ የሚቀመጠው ያልተጠራው ነው» ብለው ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ አብረን እናይ ነበር፤ እኔ ኳሶቹን፣ እሳቸው ጨርቁን። ተጫዋቾቹ ከመግባታቸው በፊት አንድ ሰው ጠረጴዛውን በብሩሽ ሲያብስ እጃቸው ሳያውቁት ወደዚያ ይዘረጋል።

ከቤታችን ዝቅ ብሎ ባለው ፑል ቤት የጠረጴዛው ጨርቅ መቀደዱን ሲሰሙ ባለቤቱን ጠርተው «እኔ እሠራልሃለሁ» አሉት። እምቢ ማለት አፈረ። እኔም በሥራቸው እንዳይሳቅባቸው ፈራሁ እንጂ አልከለከልኳቸውም። የእናቴ ክር ከከረጢቱ ወጣ። በረንዳው ላይ የሽመናው ድምፅ ሲጀምር መጽሐፌን ጭኔ ላይ አድርጌ ገጹን ሳልገልጥ እቆያለሁ። ከልጅነቴ ቤት ይህን ያህል የናፈቀኝ ነገር መኖሩን እስከዚያ ድረስ አላወቅሁም ነበር። ኳሱ እንዳይደናቀፍ መሐሉ ላይ ስፌት አይኑረው ብለው አንድ ወጥ አድርገው ሠሩት።

ባናው ጠረጴዛው ላይ በሚስማር የተወጠረ ዕለት፣ ፑል ቤቱ ሴት ስለማይገባበት በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። ጠረጴዛው ጥቁር በግ መስሏል። አንዱ ጎረምሳ መታ፤ ኳሱ መንገድ ሳያጋምስ ቆመ።

«አባባ፣ ኳሱ ሞቆት ተኛ።»

«ተው አትቀስቅሰው፣ ውጭ ብርድ ነው» አለ ሌላው።

አባባ አልሳቁም። በመዳፋቸው ዳሰሱትና «ጠጉሩ የተኛው ወደ በሩ ነው። እስቲ ከዚያ በኩል ምታ» አሉት። መታ። ኳሱ ተንከባለለ፣ ተንከባለለና እኔ ዘንድ ካለው ጥግ ቀዳዳው ውስጥ ገባ።

ባለቤቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባባ፣ ሁልጊዜ በአንድ በኩል ብቻ አይመታም እኮ» አላቸው።

«እውነትክን ነው» አሉና ሚስማሩን ራሳቸው ነቀሉ።

በዚያው ሳምንት የፍጻሜው ጨዋታ ነበር። ባለብሩሹ ሰውዬ ከወዲያ ጫፍ ተነሥቶ ወደ አንድ ወገን ብቻ ሲያብስ አባባ ክንዴን ያዙኝ።

«አየሽው? የእነሱም ጠጉር አለው።»

ተጫዋቾቹ ሲጨባበጡ አባባ፣ «እኔን ቢጠሩኝ እኮ ጨዋታቸውን አልፈልግም። አንዴ ዳስሼው እመለስ ነበር» አሉ።

አባባ የሚጠራቸው ሳይኖር አረፉ። ባናው አሁን የእኔ አልጋ ላይ ነው። ውድድሩ ሲመጣ ቴሌቪዥኑን ቀደም ብዬ እከፍታለሁ። ሰውዬው አብሶ እስኪጨርስ አያለሁ፤ ከዚያ ኳሶቹ ሲደረደሩ አጠፋዋለሁ። በተፈጥሮዬ የተቀደደ ነገር አይቼ አላልፍም። የባናው ጠርዝ ላይ ያሉትን የሚስማር ቀዳዳዎች ግን እስከ ዛሬ አልደፈንኳቸውም። ጋደም ስል ጣቴ ያገኛቸዋል፤ በመዳፌም ወደ በሩ፣ ወደ በሩ እደባብሰዋለሁ።