ያለ ሽንኩርት

ሰፈሩ የሚያውቃት «እትዬ ኦይዶ» በሚል ስም ነው። የልጅ ልጆቿ ከጓዳ አንድ ነገር እንድታቀብላቸው ሲጠይቋት «ኦይዶ!» ብላ ትመልሳለች፤ ሰምቻለሁ ማለቷ ነው። በእሷ ቤት ቢላዋ ኩቺዮ፣ መጥበሻ ሳርተን ነው። ልጆቹ እንግዳ ፊት ይንከተከታሉ፤ እሷ ወይ ፍንክች።

ቃላቱን ያመጣችው ወጣትነቷን ከጨረሰችበት ምግብ ቤት ነው። ዛሬ ቦታው ጫማ መሸጫ ሆኗል። በዚያ ሲያልፉ የጫማ ማስቲሽ ይሸታል፤ እሷን ግን እስካሁን የሚሸታት ትኩስ ዘይት ነው።

ሼፉ ስፓኒሽ የሚናገር የባሕር ማዶ ሰው ነበር፤ ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ረጅም። ሕጉ አንድ ነው፤ ዕቃውን በስሙ ያልጠራ አያገኘውም። «እሱን አቀብለኝ» ብሎ የዘረጋ እጅ እንደተዘረጋ ይቀራል። እትዬ ኦይዶ በመጀመሪያው ሰሞን ወጡ እያረረባት የማማሰያው ስም ጠፍቷት አልቅሳለች። በሽንኩርቱ አሳበበች እንጂ። ትኩስ ድስት ይዞ ከሰው ጀርባ የሚያልፍ «ኬሞ!» ብሎ ይጮሃል፣ አቃጥላለሁ ዞር በሉ ማለቱ ነው፤ ትእዛዝ የደረሰው «ኦይዶ!» ይላል። በተቃጠለ ጣት፣ ቃል በቃል፣ ቋንቋው ገባት። ወይም የገባት መሰላት። ሰፈር ውስጥ «ስፓኒሽ እችላለሁ» ማለት ጀመረች። የሚፈትናት ከሌለ ማን ይከራከራታል?

ፈታኟ የመጣችው ሼፉ ከሞተ በኋላ ነው። ያኔ የሚተረጉም ስልክ አልነበረም። አንዲት ሴት ሻንጣ እየጎተተች በጓሮው በር ብቅ አለች። በእጇ የሼፉን ፎቶ ይዛለች፤ አገጯ ቁርጥ የሱ ነው። ሼፉ አገሩ ትቷት የመጣ ትንሽ ልጅ እንደነበረችው ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አያነሳውም።

«በይ እንግዲህ» አለ የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ «እችላለሁ ስትይ ኖረሻል፤ አናግሪያት!»

እትዬ ኦይዶ በር ላይ ለቆመ ሰው የሚባል የምታውቀው አንድ ቃል ብቻ ነበር።

«ኬሞ!» አለች።

ሴትዮዋ ደንግጣ ወደ ውጭ አፈገፈገች።

«ምን አልሻት?»

«ግቢ ነው ያልኳት።»

«ታዲያ ምነው ወጣች?»

እትዬ ኦይዶ አስገብታ በርጩማ ሰጠቻት። የሼፉ ልጅ ብዙ አወራች። በመጨረሻ ፎቶውን አሳየች፣ ከዚያ ግንባሩን ነክታ ጣቷን ወደ ራሷ መለሰች። ጥያቄው አስተርጓሚ አላስፈለገውም፤ አስቦኝ ያውቃል ወይ?

እትዬ ኦይዶ መልሱን ታውቀዋለች። «አዎ፣ አስቦሻል» የሚባልበትን ቃል ግን ሼፉ አላስተማራትም፤ ለድስት አያስፈልግም። ራስ መነቅነቅ ብቻውን ደግሞ ማጽናኛ እንጂ መልስ አልመሰላትም። የሼፉ ልጅ ዝምታውን እንደ መልስ ቆጠረችው፤ ፎቶውን ቦርሳዋ ከትታ ሻንጣዋን ያዘች።

እሑድ እሑድ ሼፉ ለሠራተኛው ድንች በእንቁላል ይጠብስ ነበር፤ ትልቁን በሽንኩርት፣ ቀጥሎ አንዲት ትንሽ ያለ ሽንኩርት። ትንሿን ማንም አይነካትም፣ እሱም አይበላትም። መስኮቱ ሥር ትቀዘቅዝና ትደፋለች። እትዬ ኦይዶ አንዴ «ይቺ የማን ናት?» ብትለው፣ እጁን ወደ ጉልበቱ ዝቅ አድርጎ የልጅ ቁመት አሳያት፤ ሽንኩርት አፉ ገብቶበት እንደሚተፋ ልጅም አፉን አጣመመ። ሳቀ። ከዚያ ጀርባውን ሰጣት።

«ሳርተን!» ብላ ጮኸች እትዬ ኦይዶ።

የሼፉ ልጅ ዞረች። እትዬ ኦይዶ ትንሿን መጥበሻ ከመስቀያው አውርዳ እጇ ላይ አስቀመጠችላት።

«ፓታታ። ዌቮ።» ድንቹንና እንቁላሉን አሳየቻት። እጇን እንደ ሼፉ ወደ ጉልበቷ ዝቅ አደረገች። «ሲን ሴቦያ» አለች፤ ያለ ሽንኩርት። «ሲየምፕሬ።» ሁልጊዜ ማለት ነው፤ ሼፉ ሾርባ ሲያስማስላቸው የሚደጋግማት ቃል ነበረች።

የሼፉ ልጅ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ አለች። መጥበሻውን ገልብጣ የጠቆረ ቂጡን ስታይ ቆየች። ከዚያ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ ከቅርጫቱ አንድ ሽንኩርት አነሳች።

«ኮን» አለች። «ኮን ሴቦያ።» በሽንኩርት። ሽንኩርት መብላት ከጀመረች ቆይታለች፤ ይህንን ለአባቷ የነገረ ሰው አልነበረም።

እጅጌዋን ሰብስባ እጇን ወደ ቢላዋው ዘረጋች። እትዬ ኦይዶ ቢላዋውን እንደያዘች ጠበቀቻት። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ።

የሼፉ ልጅ ነገሩ ቆይቶ ገባትና ሳቅ አፈናት።

«ኩቺዮ!»

«ኦይዶ!» አለች እትዬ ኦይዶ፤ ሰጠቻት።