የተቀቀለው ጋቢ

ጎረቤቴ እኔ የሌለኝ ሁሉ ነበራት። ከኔ በፊት ቆርቆሮ ቤት ገባች፣ ልጅ ወለደች፣ ነጋዴው ባሏም ከጌዶ ገበያ ሲመለስ ሻሽ ሳይዝላት አይገባም። የኔው ባል ልብስ ሰፊ ነበር፤ ለኔ የሚተርፈው ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው። የምበልጣት በንጽህና ብቻ ነበር። በየሳምንቱ ልብሳችንን በእንዶድ አጥቤ፣ በርሜል ውስጥ ቀቅዬ፣ እያየችኝ አጥር ላይ አሰጣለሁ። ቅማል የሚሞተው እንዲህ ነው እያልኩም አስተምራት ነበር። እሷ ትስቅብኛለች።

የብሔራዊ ውትድርናው አፈሳ በበረታበት ዓመት አምቦ ከቅማል የሚተላለፈው ተስቦ ገባ። ማሰልጠኛው ውስጥ ምልምሎች በዚሁ በሽታ አልቀዋል ይባል ስለነበር፣ የቀበሌ ሰዎች ተስቦ ካለበት ቤት ወንድ አይወስዱም። ማስመሰልም አይቻልም፤ የክሊኒኩ ጤና ረዳት አብሯቸው እየዞረ ትኩሳት ይለካል። ያ ሁሉ ጠመንጃ የሚፈራው ቅማልን ሆነ።

ተስቦውም የገባው እሷው ቤት! ባሏ ሲቃዥ በአጥር በኩል እሰማለሁ። ለታመመ ሰው እግዜር ይማርህ ማለት ወግ ነው፤ እኔ ግን ቀናሁባት፤ ባሏን አይወስዱባትም። ተስቦ እንደሚገድል አውቃለሁ። ቢሆንም ከተስቦ የተነሳ ሰው አይቻለሁ፤ ከሰፈራችን ዘምቶ የተመለሰ ግን አላየሁም።

የቀበሌ ሰዎቹ ከአስር ቀን በኋላ በእኛ በኩል እንደሚመጡ ስሰማ፣ ለባሌ ሳልነግረው ነጠላዬን ደርቤ እሷ ቤት ሄድኩ። በሽተኛው የለበሰውን ጋቢ እንድታውሰኝ ለመንኳት። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ፣ ትናንት ብትመጪ እሰጥሽ ነበር» አለችኝ። «ዛሬ ጠዋት ከልብሱ ሁሉ ጋር ቀቀልኩት። አንቺ እንዳስተማርሽኝ።»

ጋቢው አጥሯ ላይ ተሰጥቷል። ከኔ ልብስ ይልቅ ነጥቷል። በዚህም በለጠችኝ።

በአስረኛው ቀን መጡ። ጤና ረዳቱ ባሌን ለክቶ ሙሉ ጤነኛ ነው አለ። ባሌ እኔው የቀቀልኩትን ሸሚዝ ለብሶ መኪናው ላይ ወጣ።

ከሳምንት በኋላ የጎረቤቴ ባል ዱላ ተደግፎ ፀሐይ ሊሞቅ ደጅ ወጣ። እኔ ከአጥሩ ወዲህ በርሜሉን ጥጄ፣ የአንድ ሰው ልብስ እቀቅል ነበር።