ሁለት ረድፍ አኻያ

በደርግ ጊዜ ጉለሌ ውስጥ በጎ ፈቃድ ግዴታ ነበር። እሑድ ጠዋት ጡሩንባ ሲነፋ አካፋ ይዞ ያልወጣ ሰው ስሙ በቀበሌ ስብሰባ ይነሣል። ያን ዓመት ሰኔ ላይ የተጠራነው ከሽሮ ሜዳ በታች ባለው ወንዝ ዳርና ዳር አኻያ እንድንተክል ነው። ሽማግሌዎቹ ድሮ ዓሣ ነበረበት ይላሉ። ዛፉ ለማገዶ ሲያልቅ ዳሩ እየተናደ ውሃው ደፈረሰ፣ ዓሣውም ጠፋ። የደን ባለሙያው፣ "ዓሣ ጥላ ይወዳል። ጥላውን መልሱለት፣ እሱ ራሱ ይመጣል" አለን። ደግሞም የአኻያው ቁራጭ ሲተከል እምቡጡ ወደ ላይ እንዲሆን፣ ከተገለበጠ እንደሚደርቅ አስጠነቀቀን።

ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ረድፍ ተሰጠን። የእኔ ጎረቤት፣ እንደ ዕድሌ፣ የአጎቴ ልጅ ሆነች።

ከጋሞ ደጋ እኛ ቤት ከመጣች ዓመት ሞልቷት ነበር። እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲቆይ ብረት ይባላል። እሷ ግን ቆይታም ወርቅ ነበረች። አባቴን እንደ እኔ "አባባ" ትለዋለች፤ ማን እንደፈቀደላት አላውቅም። አባቴ ሸማኔ ነው፣ ምስጋና የማያውቅ ሰው። ከልጅነቴ ጀምሮ የፈተልኩትን ክር በአውራ ጣቱ ዳሰስ አድርጎ "ይሁን" ይለኛል፣ በቃ። እኔም "ይሁን"ን እንደ ሽልማት ይዤ ኖርኩ።

የዚያን እሑድ ከሸማ መሥሪያ ጉድጓዱ ወጥቶ ሊያየን መጣ። የእኔን ረድፍ አለፈው። እሷ የተከለችው ጋ ቆመና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "እጅ ማለት ይህ ነው!" አለ።

 ቅናት የአጥንት ነቀዝ ነው ይላል መጽሐፉ፤ እኔን ግን አጥንቴ ጋ ሳይደርስ ገና ጉሮሮዬ ላይ ነው የያዘኝ። ምሳም አልበላሁም።

ሰኞ ልብስ ላጥብ ወረድኩ። ማንም አልነበረም። ረድፏን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየነቀልኩ፣ እየገለበጥኩ መልሼ ተከልኩት። አፈሩንም በእግሬ ረገጥኩት። እውነቱን ልናገር፣ የዚያን ቀን ልብስ ያጠብኩት እየዘፈንኩ ነው።

ክረምቱ ወጣ። የእኔ አኻያ ቅጠሉን ውሃው ላይ ዘረጋ። የእሷ ደርቆ እንደ አጥር እንጨት ቀረ። "አልያዘልኝም፤ እጄ ከተማውን አልለመደ ይሆናል" ትላለች፣ እኔም "ይሆናል" እላለሁ። እሑድ እሑድ ግን የእኔን ረድፍ እያረመች አብራኝ ትውል ነበር።

ኅዳር ላይ አንድ እሑድ እዚያው እያረመች ድንገት ጮኸች።

"አባባ! አባባ ይምጡ! ልጅዎ የተከለችው ጥላ ሥር ዓሣ ገብቷል!"

ጣት የምታክል ዓሣ ናት። አባቴ ወረደ። ዛሬ የእኔ ቀን ነው። ዓሣዋን ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ወደ ደረቀው ረድፍ ዞረና አንዱን ነቀለ። እንደ ክር በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። የደረቁት እምቡጦች ሁሉ ወደ ታች ነበሩ።

"እኔ ነኝ አባባ፣" አለች ደንግጣ፣ "ስቸኩል ገልብጬው ነው።"

"አንቺ አትገለብጪም" አላት። ሁለተኛ ነቀለ፣ ሦስተኛ። ከዚያ እኔን አየኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ደረቁን እንጨት እጄ ላይ አስቀመጠና፣

"ያንቺ ጥሩ ይዟል" አለኝ።

ዕድሜ ልኬን የጠበቅኩትን ቃል ሰጥቶኝ ዳገቱን ወጣ። እሷ አሁንም ውሃው ላይ እንዳጎነበሰች ናት።

"ነይ እዪ እንጂ፣" አለችኝ እየሳቀች፣ "ያንቺ ዓሣ ናት እኮ!"

እንጨቱን ከጀርባዬ ደብቄ ሄድኩ።